ያልተፈረመበት ውሃ

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም፣ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ያን ዓመት ክረምቱ ቶሎ አልወጣም። መስቀል ካለፈ በኋላም አንኮበር ላይ ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ይመጣና መስታወት በሌለው መስኮት ክፍላችን ይገባ ነበር። ከኋላ ወንበር ለተቀመጥን ሰሌዳው አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም።

«ምን ይላል?» እንላቸዋለን የፊቶቹን።

«ጉም ይላል» ይሉናል።

ያን ዓመት ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ ቀበሌ፣ መታወቂያዬን ላሳድስ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት እናት ከምዕራብ ተፈናቅለው መጥተው መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው፤ ወረፋው ላይ ስናወጋ ነገሩኝ። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊዋ የማኅተም ቀለም ያለባትን ጠፍጣፋ ሳጥን ከፈተችላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን፣ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉና የተረፈውን በጠጉራቸው ጠረጉት። ሽታው መጣ። መራራ ነው፤ ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። እኔን ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ኖሯል፤ አልሰማሁም።

አባቴ ቄስ ነው። በደብሩ ይቀድሳል፣ ከቅዳሴ መልስ ያርሳል። አራት ልጆች ነበርን። ታላቅ እኅቴ አሥረኛን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። አሥራ አንደኛን ለመማር ደብረ ብርሃን ቤት መከራየት ያስፈልግ ነበር፤ ያ ደግሞ ለእኛ አልሆነም። ስለዚህ አሥረኛ ክፍል እኛ ቤት እንደ ገደል አፋፍ ነበር። እዚያ ድረስ ይኬዳል፤ ከዚያ ቆሞ ማየት ነው።

መምህር ጌታነህ ያን ዓመት ነው የመጣልን። የጫጫ ልጅ ነው፤ ባዮሎጂ ያስተምራል። ገና ወጣት ስለነበረ ፊት ለፊት አንቱ እንለውና ዞር ሲል አንተ እንለው ነበር። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ቀን ወረቀት ይዞ ገባ።

«አዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት አለ» አለ። «አዳሪ ነው። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛን በነፃ ያስተምራል። ከዚያ የሚወጡት ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ውጭ አገር የሄዱም አሉ። ታዲያ አሥረኛን ስንጨርስ ነው የምንሞክረው ብላችሁ እንዳትቀመጡ። መምረጥ የሚጀምሩት አሁን ነው። ዘንድሮ ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ልጅ ወስደው ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ያዘጋጃሉ። የቅዳሜው ትምህርት ውስጥ ያልገባ መግቢያ ፈተናውን አይቀመጥም።»

«ከዚህ ሁሉ ልጅ ሁለት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ሁለት። አንዱ አንተ ልትሆን ትችላለህ፤ ዝም ካልክ።»

የሚታዩት ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ውጤት ነው። ሁለተኛው ስለ ራስ የሚጻፍ ድርሰት። ሦስተኛውን ሲናገር መምህሩ ጠመኔውን አነሣና ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠራልን፦ ቀን፣ የተሠራው በጎ ሥራ፣ የፈጀው ሰዓት፣ የተረዳው ሰው ፊርማ።

«ሰው ረድታችሁ ዝም አትበሉ» አለ። «ጻፉት፤ አስፈርሙበት። ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።»

ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ እግሬ ብቻ ነው የሄደው። ከገደሉ አፋፍ ላይ ድልድይ የተዘረጋ መሰለኝ።

ድርሰቱን የጻፍነው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። መምህሩ «ስለ ራሳችሁ ጻፉ። ምን ላይ ጎበዝ እንደሆናችሁ ንገሩኝ። ራሳችሁን አመስግኑ!» አለን። ሴቶቹ ነጠላችንን አፋችን ላይ አደረግን። ወንዶቹ ወንበሩ ላይ ተደፍተው ሳቁ። ራስን ማመስገን የሚባለውን ነገር ከዚያ በፊት የሰማነው ሰው ሲሰደብበት ነበር።

ወረቀቴን አነበበና ጠራኝ።

«እታፈራሁ፣ ይኼ ስለ አባትሽ ነው።»

«አዎ።»

«ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ደብሩ ነው። ታቦቱ በየትኛው ወር እንደሚነግሥ ጽፈሻል።»

«አዎ።»

«አንቺ የት ነሽ?»

«መጨረሻው ላይ አለሁ። ‘ልጃቸው ነኝ’ ብያለሁ።»

የፋጡማ ከእኔም ያጠረ ነበር። ፋጡማ ከአልዩ አምባ በኩል ዳገቱን ወጥታ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር ጓደኛዬ ናት። አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። ወረቀቷ ላይ የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦ «ፋጡማ እባላለሁ። የቀረውን አላህ ያውቃል።»

መምህሩ ሁለቱንም ወረቀቶች ይዞ መስኮቱ ጋ ሄደና ለረጅም ጊዜ ጉሙን አየ። ከዚያ ተመልሶ ሦስት ጊዜ አጻፈን። በሦስተኛው ላይ እኔ «ሒሳብ እወዳለሁ» የሚለው ድረስ ደረስኩ። ከዚያ በላይ እጄ እምቢ አለኝ።

ውጤቱ ግን በእጃችን ነበር። መምህሩ ከደብረ ብርሃን አሮጌ የፈተና ወረቀቶች ያመጣልን ነበር፤ ጠርዛቸው በአይጥ የተበላ፣ መልሳቸው በሌላ ሰው እርሳስ የተሞላ። እኔና ፋጡማ በምሳ ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘውን ግድግዳ ተደግፈን እሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ እጠይቃታለሁ። ገብስ ሲወቃ ደግሞ ከአውድማ መቅረት ስለማይቻል ወረቀቱን ይዤ ጭድ ላይ እቀመጥ ነበር። አባዬ በሬዎቹን ክብ እያዞረ «ዛሬስ ምን ይላል?» ይለኛል። የእንግሊዝኛውን ቃል እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ አለንጋውን አንሥቶ ለበሬዎቹ ይነግራቸዋል።

«ፎቶሲንተሲስ! ሂድ አንተ ቦራ! ፎቶሲንተሲስ!»

በሬዎቹ ይሄዱ ነበር። እስከ ዛሬ ያን ቃል ስሰማ የገብስ እብቅ አንገቴ ውስጥ ይበላኛል።

መዝገቡን በተመለከተ ግን ነገሩን የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሚዛን የያዘ መልአክ ተሥሏል፤ ከጎኑ ሌላው መልአክ ይጽፋል። ልጅ ሆኜ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ የማየው እሱን ነበር። ምን እየጻፈ ይሆን እላለሁ። መምህሩ ሠንጠረዡን ሲሠራ አዲስ አበባ ያለው ቢሮ የዚያ መልአክ ቅርንጫፍ መሰለኝ። አንድም ሰዓት ጨምሬ ብጽፍ ወዲያው የሚታወቅብኝ፣ አንድም ብተው የሚጎድልብኝ መሰለኝ።

መንደራችን ውስጥ የሚፈርም ሰው ጥቂት ነው። የቀረው በጣቱ ነው። አባዬ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስለነበረ የማኅተም ቀለም ያለባት የቆርቆሮ ሳጥን ነበረችው።

«አባዬ፣ ቀለሟን ልውሰዳት?»

«ለምን?»

«ለበጎ ሥራ።»

«በጎ ሥራ ቀለም ጀመረ?» አለ። ማኅተሙን አስቀርቶ ሳጥኗን ሰጠኝ።

መጀመሪያ ያገኘሁት አያ ተክሌን ነው። ጎረቤታችን ናቸው። የባቄላ ገለባ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ መንገድ ዳር ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ደረስኩባቸውና «ልሸከምልዎት» ብዬ ነጠቅኳቸው ማለት ይቀላል። እስከ ቤታቸው አደረስኩ። ሲመርቁኝ አሜን አሜን አልኩና ደብተሬንና ሳጥኔን አወጣሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጣትዎን እዚህ ላይ ጫን ያድርጉልኝ። ገለባ መሸከሜን ነው የሚያሳየው።»

ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ወሰዱ። ሚስታቸው እትዬ አበሩ ከውስጥ ሰምተው ወጡ።

«ተክሌ! ጣትህን እንዳትሰጥ! ለገለባ ጣት የሚጠይቅ ነገ ለመሬቱ ነው የሚመጣው!»

«ኧረ የትምህርት ቤት ነው እትዬ።»

«የትምህርት ቤትም ቢሆን! ጣት ጣት ነው!»

አያ ተክሌ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ገለባውን መልሰው ተሸከሙና ቁልቁለቱን መውረድ ጀመሩ።

«ወዴት ነው አያ?»

«ጽዱ ሥር ነው የተቀበልሽኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ከዚያ ጀምሬ ራሴ አመጣዋለሁ። የሰው ዕዳ አላሳድርም።»

ጽዱ ድረስ ወርደው፣ ዞረው፣ ዳገቱን እንደገና ወጡ። እኔ ሳጥኔን ይዤ መንገዱ ላይ ቆሜ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፉ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ አሁን እኩል ነን» አሉኝ።

ወሬው ቶሎ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እኔን ከሩቅ ሲያዩ «ጣታችሁን ደብቁ!» ይሉ ነበር። አሮጊቶቹ ገበያ ላይ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ያስገቡብኛል። ከብዙ ልመና በኋላ ያገኘኋቸው ሦስት ወይም አራት ጣቶች ናቸው። እነሱም የዘመድ ነበሩ።

በትልቁ ሥራዬ ላይ ግን ገና አላስፈረምኩም ነበር። እሱን ለመጨረሻ ነው ያስቀመጥኩት።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ባለች አንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። የደብረ ሲና ሰው ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ መነኰሱና ወደ እኛ ደብር መጡ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እማዬ አንድ ጠዋት «እማሆይ ውሃ የላቸውም፤ ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ማንም ሂጂ ብሎኝ አያውቅም፤ በየጠዋቱ ቢጫዋን ጄሪካን ይዤ ከምንጩ ቀድቼ፣ እንስራቸው ውስጥ ገልብጬ፣ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። እሳቸውም ከአጎዛቸው ላይ ሳይነሡ አንድ እፍኝ ቆሎ ያቀብሉኛል። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል። ነገርን የሚያዩት በጣትና በአፍንጫ ነበር። ሲፈትሉ ግን ክሩ አይበጠስባቸውም።

የስድስት ዓመት ውሃ። ያ ከገባልኝ መምህሩ የሚያነበው ሌላ መዝገብ የለም፤ ቅዳሜ የእኔ ናት። እንዲህ አስቤ በኅዳር መጀመሪያ አንድ ጠዋት ውሃውን ገለበጥኩና ከበሩ ሥር ተቀመጥኩ።

«እማሆይ።»

«ወይ።»

«ጣትዎን ፈልጌ ነበር።»

«ጣቴን? ምን ያደርግልሻል?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አዲስ አበባው ትምህርት ቤት፣ ስለ ቅዳሜው፣ ሁለት ልጅ ብቻ ስለመሆኑ፣ ስለ እኅቴም። እንዝርታቸውን አስቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ሳጥኗን ሰጠኋቸው። ከፍተው አሸተቱ።

«ይኼ የፍርድ ቤት ሽታ ነው» አሉ።

«የአባዬ ነው። የሰበካው።»

«ይሁን። እኔ የማውቀው ፍርድ ቤት ነው፤ ባሌ ሲሞት መሬቱን ከወንድሞቹ ጋር ስንካፈል።» ክዳኗን መለሱ። «ውሃ ማምጣት ስትጀምሪ ይኼን ትምህርት ቤት ታውቂው ነበር?»

«አላውቀውም።»

«እና ያን ጊዜ ለማን ነበር የምታመጪው?»

እማዬ ሂጂ ስላለችኝ ማለት አፈርኩ። «ለእርስዎ» አልኩ።

«ለኔ ከሆነ እኔ በየቀኑ አመስግኜሻለሁ። ለእግዚአብሔር ከሆነ እሱ አላስፈረመሽም። ይኼ ደብተር ለሦስተኛ ሰው ነው።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። እንደውም ፈገግ አሉ።

«እኔስ? አንቺ ውሃውን ገልብጠሽ ስትሄጂ እኔ እዚሁ ተቀምጬ የክርስትና ስምሽን እጠራለሁ። ወለተ ማርያምን አስባት፣ ከክፉ ጠብቃት እላለሁ። አንድም ቀን አላጎደልኩም። ለሱ ማን ይፈርምልኛል? ጣትሽን ትሰጪኛለሽ?»

እኔ የምር መሰለኝ። ትክክልም መሰለኝ። ሳጥኗን ከእጃቸው ወስጄ ከፈትኩና አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ ጫንኩ።

«የት ላድርገው?» አልኳቸው።

ቆርቆሮዋ ስትጮህ ሰምተው ኖሮ ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ፤ ሳላቸው ደግሞ ሳቅ ሆነ። እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«በጠጉርሽ ጥረጊው፤ ሌላ ቦታ የለንም» አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ጭኔ ላይ አሳረፉ። «ጣቴን አልከለክልሽም። እንዝርት በልቶታል፤ መስመርም የቀረው አይመስለኝም። ግን ከፈለግሽ የአንቺ ነው። አስቢና ነገ ንገሪኝ።»

እምቢ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ያን ቀን ለፋጡማ አወራኋት። እሷም የራሷን አወጋችኝ። ቆላ ያሉት ሴት አያቷ ስለ መዝገቡ ሲሰሙ «ሰደቃውን የሚያስፈርም ነጋዴ ነው። ቀኝሽ ሲሰጥ ግራሽ መስማት የለበትም» ብለዋት ደብተሩን ወስደው የሎሚ ዋጋ ጻፊበት ብለው መለሱላት።

«ሱብሃነላህ» አልን ሁለታችንም። እኔ ከእሷ የተማርኩት ቃል ነው። የእኔዋ እማሆይና የእሷ አያት ተያይተው አያውቁም፤ በመካከላቸው ያ ሁሉ ዳገት አለ።

ማታ እማዬን ጠየቅኋት። ክር ታዳውር ነበር።

«እማዬ፣ ጣታቸውን ልውሰድ?»

«እኔ ሂጂ ያልኩሽ ውሃ ልትቀጂ ነው» አለች። ክሯን ማዳወር ቀጠለች።

በማለዳ ውሃውን አመጣሁ።

«አሰብሽ?» አሉኝ እማሆይ።

«አዎ።»

«እንዴት ሆነ?»

«ይቅር።»

«ይቅር ካልሽ ይቅር» አሉና ቆሎዬን ሰጡኝ። እንደ ጀግና የተሰማኝ እንዳይመስላችሁ። ከጎጆዋ እስከ ትምህርት ቤት አለቀስኩ። ቅዳሜዬን በእጄ ገደል የወረወርኩ ነበር የመሰለኝ።

መዝገቡ የተሰበሰበው በኅዳር ማብቂያ ነው። ያስገባነው አምስት ልጆች ነበርን። መምህር ጌታነህ የእኔን ገለጠ፤ አንድ ገጽ አልሞላም። መልሶ ገለጠው፤ ሌላ ገጽ የተጣበቀ እንደሆነ ብሎ በጣቱ ፈተሸው።

«በየጠዋቱ ጄሪካን ይዘሽ ስትወጪ እኔ በመስኮቴ አይሻለሁ እኮ። እሱ የታለ?»

«አልተፈረመበትም።»

«ለምን?»

ነገርኩት። እያስረዳሁት ሳለ ለራሴም ሞኝነት መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ደብተሩን ዘጋና «የት ነው ቤታቸው?» አለኝ።

ከትምህርት በኋላ አብረን ሄድን። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ግንባሩን መታው።

«ግባ፤ በሩ ረጅም ሰው አይወድም» አሉ እማሆይ ከውስጥ።

«እንደምን ዋሉ እማሆይ። የእታፈራሁ አስተማሪ ነኝ።»

«የጣቱ ሰውዬ አንተ ነህ?»

«ነኝ» አለ።

«አገሩን ሁሉ እጁን አስደበቅከው አይደል እንዴ! ተክሌ እንኳ ሰላምታ ሲሰጥ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ ሆኗል። ተቀመጥ።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። እግሩ የሚዘረጋበት አጣ።

«እማሆይ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለ። «ከሁለቱ አንዷ መሆን ትችላለች። ግን የምትሠራው ነገር ካልታወቀላት ዕድሉ ያልፋታል። እኔ የምለው ይኼን ነው።»

«ማን ነው የሚያሳውቀው?»

«መዝገቡ።»

«መዝገቡን የሚጽፈውስ?»

«እሷ።»

«እንግዲያ እሷ ናት ማለት ነው። የኔ ልጅ፣ ሰው ለራሱ አይመሰክርም። ዳኛ ፊት እንኳ ምስክር ሌላ ሰው ነው። አንተ ልጅቷን ስለ ራስሽ መስክሪ አልካት፤ ከዚያ እኔን መሐላ አስያዥ ልታደርገኝ ጣቴን ላክህባት።» እንዝርታቸውን አሽከረከሩ። «ማወቅ ከፈለግህ ለምን እኔን አትጠይቀኝም?»

መምህሩ እግሩን ሰበሰበ። ከዚያ ድምፁ እንደ ተማሪ ሆነ።

«ልጠይቅዎት?»

«ወረቀት ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ጻፍ እንግዲህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ውጪ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ጆሮሽንም ይዘሽ ውጪ።»

ወጣሁ። ሳጥኗ ያለችበትን ቦርሳዬን እንኳ አላነሣሁም። ከጎጆው ጀርባ ቅጥሩ ሥር ቆምኩ። ነፋሱ ከቆላ ይመጣል። ጭቃው ግድግዳ ድምፅ ያሳልፋል፤ ቃል ግን አያሳልፍም። ስለዚህ የሰማሁት ማጉረምረም ብቻ ነበር።

ሰው ሰውን የሚያስወጣው ሊያማው ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ የሐምሌ ጠዋት ዝናብ ነበርና ምንጩ ድረስ መውረድ ሰልችቶኝ ከመንገዱ ቦይ ቀድቼ አምጥቼላቸው አውቃለሁ። ቀምሰው «ዛሬ ምንጩ ተቆጥቷል» ብለው ነበር፤ እኔም «ዝናቡ ነው» አልኩ። ዐውቀውብኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ያን እየነገሩት እንደሆነ እርግጠኛ ሆንኩ። መሐል ላይ መምህሩ ሳቀ። ቦዩን ነገሩት አልኩ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ይኸኔ መዋሸቴን ነገሩት አልኩ። እጄን ብብቴ ውስጥ አድርጌ አንዲት ጸሎት ብቻ ጸለይኩ፤ ስለ ቅዳሜ አልነበረም። እንዳይጣሉኝ ነበር።

መምህሩ ሲወጣ ግንባሩን እንደገና መታ። የታጠፈ ወረቀት ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከጭሱ ይሆናል።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«አንቺ ውጪ አሉ» አለኝ።

እስከ ጽዱ ድረስ አብረን ሄድን። በማግሥቱ ውሃ ሳመጣ የተፈተለው ጥጥ ላይ የማኅተሙን ቀለም ሐምራዊ ነጠብጣብ አየሁ። ጣታቸውን ሰጥተው ነበር። እኔም ምንም አልጠየቅኩ፤ እሳቸውም እንደ ወትሮው ቆሎውን አቀበሉኝ። እጃቸው ሲነካኝ አልተጣሉኝም አልኩ። የዚያን ቀን ቅዳሜውን ረሳሁት።

ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። እማሆይ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። መምህሩም አልነገረኝም። እንዳልነገረኝ ደግ አደረገ።

ጾመ ነቢያት ተፈታ፣ ገና ዋለ። ጥር እንደገባ አንድ ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ዳይሬክተሩ ወረቀት ይዘው ወጡ። ውርጩ ስለነበረ ሁላችንም እግራችንን እያቀያየርን ነበር የቆምነው። መጀመሪያ ሳሙኤል የሚባል የሌላ ክፍል ልጅ ተጠራ። ቀጥሎ «እታፈራሁ» ሲሉ እኔ ሳልንቀሳቀስ ፋጡማ ናት በክርኗ የወጋችኝ።

«ሂጂ እንጂ! ስምሽ እኮ ነው!»

የእሷ አልተጠራም። ሁለት ነበር የተባለው፤ ሁለት ሆነ። ተመልሼ አጠገቧ ስቆም ምን እንደምላት ጠፋኝ። እሷ ቀደመችኝ።

«ቅዳሜ የተማርሽውን ሰኞ ሰኞ ታስተምሪኛለሽ» አለች። «ለዚህም ደግሞ እንዳታስፈርሚኝ።»

ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። እኔም አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ቤት ስደርስ አባዬ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። እኅቴ አቀፈችኝ፤ ጠበቅ አድርጋ። ከዚያ «ቅዳሜ ቅዳሜ የእማሆይን ውሃ እኔ አመጣለሁ» አለች። እማዬ «ተመስገን» ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር። ለእማሆይ ልነግራቸው ስሮጥ ሄድኩ። «ሰማሁ» አሉ። «አሁን ተቀመጪና ትንፋሽሽን ሰብስቢ። መንገዱ ገና ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ወጥቼ ለአንድ ሰው አንድ ነገር አደረግኩ። ለማን እንደሆነና ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም። ስመለስ እማዬ እሳት ታያይዝ ነበር። እግሬ እስከ ጉልበቴ ርሷል።

«የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ደጅ» አልኳት።

ቀና ብላ እግሬን አየች። ከዚያ ፈቀቅ አለችና እሳቱ አጠገብ ቦታ ለቀቀችልኝ።